ባዶ ያልሆነ ሁሉ

በቫርዶ ወደብ ላይ፣ ፀሐይ ከቀረች ስድስት ሳምንት አልፏት፣
የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር መልእክት ላከ ለአባላት፦
«ጀልባዎ በካሣ ይፈርስ ዘንድ ይስማማሉ ወይ?
በስልክዎ ይጻፉልን፤ አዎ ከሆነ ‹ያ›፣ እምቢ ከሆነ ‹ኔይ›።»

መልሱ መጣ በየመልኩ፤ ሰው መቼ ባንድ አፍ ይመልሳል?
አንዱ «ያ» ብሎ ያንሾካሽካል፣ ሌላው «ያ!!» ብሎ ይጮኻል፣
አንዱ «እሺ»፣ አንዱ «1»፣ አንዱ «ቆይ ሚስቴን ልጠይቃት»፣
አንዷ «ሞተሯ አዲስ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ጨምሩላት»።
አይሊፍ ቦርድሰን፣ ሰባ አራት ዓመቱ፣ ጣቱ በብርድ የወፈረ፣
መነጽሩን ፈልጎ አግኝቶ፣ ሦስት ፊደል ሰደረ፦
«ኔይ።»
አራት ነጥቡን ሳይረሳ።

ኮዱን የጻፈችው ቶርዲስ ናት፤ ከበረዶ ፋብሪካው ፎቅ፣ ዓርብ ማታ፣ ሥራ ሲያልቅ፣
ካፖርቷን ግማሽ ለብሳ፣ ጽሑፉ ምን እንደሚል ሳትጠይቅ፣
«እውነት ወይ ሐሰት አድርገው» ብላ፣ ባንዲት መስመር።
ማሽኑም እንደ ሕጉ አደረገ። ሕጉ አጭር ነው፣ ደረቅ፦
ባዶ የሆነ ጽሑፍ ሐሰት።
ባዶ ያልሆነ ሁሉ እውነት።

«እምቢ» ብትለው፣ እውነት።
«በፍጹም» ብትለው፣ እውነት።
ብትሰድበው፣ እውነት።
ራሱን «ሐሰት» የሚለውን ቃል ብትጽፍለት፣
ፊደል አለበት፣ ባዶ አይደለም፤ እውነት።
ጣትህ ሳታስብ ሰሌዳውን ነክታ
አንዲት ክፍት ቦታ ብትተው፣ እሷም እውነት።
ማሽን ነገርህን አይሰማም፤ መናገርህን ነው የሚሰማ።
እናም አይሊፍ ተስማማ።

ሚስቱን ሊጠይቅ የነበረውም፣ ሳይጠይቃት፣ ተስማማ።

ከአርባ አንዱ ጀልባ አርባው ይፍረስ ተባለ።
አንዷ ብቻ ተረፈች፤ የአንስጋር ሚካልሰን።
አንስጋር በኅዳር ተቀብሯል፣
ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ባትሪው ያለቀ።
ከወደቡ ሰው ሁሉ «አይሆንም» ማለት የቻለ
እሱ ብቻ ሆነ።

ቶርዲስ ዝርዝሩን የከፈተችው ማክሰኞ ነው፤ ክሬኑ የሚመጣው ረቡዕ ጠዋት።
አርባ ጊዜ «እውነት»፣ መስቀያ ላይ እንደ ደረቀ ዓሣ ቁልቁል ተሰልፎ።
ጠረጠረች።
አርባ ዓሣ አጥማጅ ባንድ ነገር ሲስማማ በዚያ ደሴት ያየ የለም።
ጥሬውን ጽሑፍ አወጣች።
አይሊፍ። ኔይ። አራት ነጥብ።
ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ዝም አለች፤
ከታች የበረዶ መፍጫው ይንኳኳል።

ከዚያ መስመሯን ሰርዛ በረጅሙ ጻፈች፦
ከፊትና ከኋላ ያለ ክፍት ቦታ ይቆረጥ፤
ትልቁ ፊደል ትንሽ ይሁን፤
«ያ» ከሆነ ይህ፣ «ኔይ» ከሆነ ያ፤
ከሁለቱም ካልሆነ፣ ሰው ይጠየቅ።
ሰው ይጠየቅ የሚለውን ማሽኑ አልገባውም። እሷ ገባት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤
እዚህ ግን ሲያድርም ሌሊት ነው፣ ሲውልም ሌሊት ሆኖ ይውላል፤
እያደር እስኪጠራ ደግሞ፣ ክሬኑ መች ይጠብቃል?

ጫማዋ ሥር ባለ ጥርስ ብረት አስራ ቁልቁለቱን ወረደች።
አንኳኳች። አይሊፍ በካልሲ ወጣ፤
ከኋላው ራዲዮው የባሕሩን ነፋስ ይተነብያል።
«ኔይ ብለው ነበር?» አለችው። «ኔይ ማለትዎ፣ ኔይ ነው?»

ሰውየው ጥያቄውን እንደ ተበላሸ መረብ አገላብጦ አየው።
አልተናገረም።
ትንፋሹን ብቻ በከንፈሩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሳበ፣ ባጭሩ፣
የሰሜን ሰው «አዎ» ሲል እንደሚያደርገው፤
እኛም የምናውቃት ያቺው ትንፋሽ።
ፊደል የላትም። ርዝመቷ ዜሮ ነው።
ማሽኑ ቢያገኛት ሐሰት ባላት።

ቶርዲስ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፣
ከስሙ ትይዩ፣ በደነዘዘ ጣት፣ «ሐሰት» ብላ ጻፈች፤
እውነቱን።
ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቤት መብራት አቀናች፤
ገና ሠላሳ ዘጠኝ በር ይቀራታል።